ዩኒፎርም ይወልቃል፣ ፀጉርስ?

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ ሰልፉ ሊበተን ሲል የዩኒት መሪያችን መቀስ ይዘው ብቅ አሉ። ወረቀት የሚቆረጥበት መቀስ። በየረድፉ እየዞሩ ፍሪዝ ያሳደገውን ወንድ ሁሉ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንድ መንገድ አወጡበት። መንገድ ከወጣ በኋላ ያው መላጨት ግድ ነው። አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ አንዱ ነበር። አላለቀሰም፤ ሳቀ። እኛም አብረነው ሳቅን። ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ታሪክ ነበር። ግድግዳው ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሥዕል ተለጥፏል። ሹሩባቸው ተጎንጉኖ ወደ ኋላ ወርዷል። ጓደኛዬ እጁን መሀል አናቱ ላይ እንዳደረገ ሥዕሉን አየት አደረገና «እኚህ ሰውዬ እኛ ጋ ቢመዘገቡ ከበር ነበር የሚመለሱት» አለኝ።

ትምህርት ቤት በተማሪ ፀጉር ላይ ያገባዋል ወይስ አያገባውም የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ይቺ ንግግሩ ትመጣብኛለች። ክርክሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጃማይካ፣ ጃፓን፣ ጋና፣ ቴክሳስ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ትልልቅ ዳኞች ቁጭ ብለው ስለ ልጅ ፀጉር ገጽ በገጽ ጽፈዋል። እስቲ ነገሩን ፈታ አድርገን እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

መቼም ደንብ የሌለው ትምህርት ቤት የለም። ስልሳ ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ይዞ መዋል ምን ማለት እንደሆነ መምህር ያውቀዋል። ስለዚህ «ደንብ ይኑር ወይስ አይኑር» ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። የሚያከራክረው ደንቡ እስከ የት ይሂድ የሚለው ነው።

እኔ አንድ ቀላል መለኪያ አለችኝ። ሰማያዊ ሹራብና ግራጫ ሱሪ ልጁ ቤቱ ሲገባ ያወልቃቸዋል። ፀጉሩን ግን አያወልቅም። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ጠዋት ያስላጨው ራስ ማታ እራት ላይም፣ ቅዳሜ ሠርግ ላይም፣ በዓል ላይም የተላጨ ነው። ዩኒፎርም የትምህርት ቤት ሰዓትን ነው የሚገዛው። የፀጉር ደንብ የልጁን ቀኑን ሙሉ፣ ወሩን ሙሉ ይገዛል። ይኼን ያህል ርቆ የሚሄድ ደንብ ያን ያህል ጠንካራ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ ምክንያቶቹ ምንድን ናቸው?

መጀመሪያ የሚመጣው ንጽህና ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሦስት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ በሚቀመጥበት ክፍል ቅማልና ቆርቆር ቀልድ አይደሉም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቅማል የወንድና የሴት ራስ አይለይም። ብዙ ትምህርት ቤት ወንዱን «ተላጭ» ይላል፤ ሴቷ እስከ ወገቧ ብታሳድግ ግድ የለውም። እንግዲያው ደንቡ የቅማል ደንብ አይደለም ማለት ነው።

ይኼው የቅማል ነገር ጃማይካ ውስጥ ስድስት ዓመት አከራክሯል። በ2018 ፖርትሞር ከተማ ያለ ኬንሲንግተን የተባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ድሬዷን ካልተቆረጠች አትማርም አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቅማል ነበር። ወላጆቿ ከሰሱ። በ2020 ፍርድ ቤቱ የልጅቷ ሕገ መንግሥታዊ መብት አልተጣሰም ብሎ ፈረደ። ይኼ እንግዲህ በቦብ ማርሌ አገር ነው። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሻረው። ልጅቷ በጊዜያዊ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እየተማረች አደገች፤ ክርክሩ ሲያልቅ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሞልቷታል። ራሷን ከፊደል ቀድሞ ፍርድ ቤት ያወቀው ልጅ ማለት ይቺ ናት።

ሁለተኛው ምክንያት ሥነ ሥርዓት ነው። ወላጆቻችን ባጭሩ «ፀጉሩን ያሳደገ ዱርዬ ነው» ይሉታል። ለንደን ውስጥም እንደዚያው ይላሉ፤ ቃሉ ብቻ «ጋንግ» ይሆናል። ሴንት ግሪጎሪ የተባለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ጥቁር ልጅ ሹሩባ ተሠርቶ ስለመጣ መለሰው። ሹሩባ በአካባቢው ካሉ የወንበዴ ቡድኖች ጋር ይያያዛል፣ እኛ ያንን ከበር ውጭ ማስቀረት እንፈልጋለን አለ። ልጁ ወንበዴ ነው አላለም። በልጁ ቤተሰብ ወንዶች ሹሩባ የሚሠሩት ከጥንት የመጣ ባህላቸው ሆኖ ነው። በ2011 የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደንቡ አድልዎ ነው ብሎ ወሰነ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ሕግ ሁለት ዓይነት አድልዎ ያውቃል። አንዱ ፊት ለፊት ነው፦ «ጥቁር አይግባ»። ሌላው ጎን ለጎን ይመጣል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ተጽፏል፤ ሲወርድ ግን አንዱ ላይ ብቻ ይወርዳል። «ማንም ተማሪ ሹሩባ አይሠራ» የሚለውን ተመልከቱ። «ማንም» ይላል። ግን ከክፍሉ ልጆች ስንቶቹ ናቸው ሹሩባ የሚሠሩት? ደንብ እንደ ልብስ በአንድ ሰው ልክ ነው የሚሰፋው። ልኩ የተወሰደለት ሰው አይጠበውም፤ ደንቡ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ሌላው ይታፈንበታል።

ይኼን እንደ ፕሪቶሪያዋ ታሪክ ጥሩ አድርጎ የሚያሳይ የለም። የፕሪቶሪያ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአፓርታይድ ዘመን ለነጮች ብቻ የነበረ ነው። ሥርዓቱ ሲፈርስ ጥቁር ልጃገረዶች ገቡ። በሩ ተከፈተ፤ ደንቡ ግን የድሮው ልክ እንዳለ ቀረ። ጎንጉን ይፈቀዳል ይላል፣ ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ። አስቡት፤ የእኛን አልባሶ ማስመሪያ ይዞ የሚለካ መምህር። በተፈጥሮ ጎፍሮ የሚቆም ፀጉር ያላቸው ልጆች ደግሞ «ተዝረክርከሻል፣ አስተካክይው» ይባሉ ነበር፤ አስተካክይው ማለት በኬሚካል አለስልሺው ማለት ነው። ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ ተማሪዎቹ ተሰለፉ። ዙላይካ ፓቴል የተባለች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጎፈሬዋን አቁማ፣ ሁለት ክንዷን ከፍ አድርጋ አጣምራ ከጥበቃዎች ፊት የቆመችበት ፎቶ ዓለምን ዞረ። የክፍለ ሀገሩ የትምህርት ኃላፊ ፓንያዛ ሌሱፊ ራሳቸው ሄደው የፀጉሩ አንቀጽ እንዲታገድ አዘዙ። ቀናት ነው የፈጀው። ጃማይካ ውስጥ ስድስት ዓመት የፈጀው ማለት ነው።

አንድ ልጅ «ፀጉርሽን አስተካክይ» ስትባል ምን እንደምትሰማ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ፔስትራ ጆሮዋን ያቃጠላት ሁሉ ታውቀዋለች።

ሦስተኛው ምክንያት እኩልነት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔን በጣም የሚያሳምነኝ ይኼ ነው። አንዷ በሺህ ብሮች የተገዛ ሂዩማን ሄር አስቀጥላ ትመጣለች፤ አጠገቧ ያለችው እናቷ ደጅ ላይ ተቀምጣ የሠራቻትን ሹሩባ ይዛ። አሥራ አራት ዓመት ላይ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «የሚቀጠል ፀጉር፣ የጥፍር ቀለም፣ የወርቅ ጌጥ እዚህ አይገባም» ቢል አልከራከርም። እነዚህ ደግሞ የሚወልቁ ናቸው። ግን የእኩልነት ደንብ ወደ ሌላም በኩል ይቆርጣል። «በየሁለት ሳምንቱ ተቆርጠህ ና» ማለት ለድሃ ቤተሰብ በየሁለት ሳምንቱ የፀጉር ቤት ሒሳብ ክፈል ማለት ነው። የእናትን ሹሩባ መከልከል ደግሞ ነፃ የሆነውን አስትቶ የሚከፈልበትን ማዘዝ ነው።

የደኅንነትም ጉዳይ አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ እሳት፣ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ የሚዞር ማሽን አለ። የተለቀቀ ፀጉር አደገኛ ነው። መልሱ ግን አንድ ላስቲክ ነው። «እሰሪው» ማለት ሲቻል «ቁረጪው» ማለት ምን አመጣው?

አሁን ወደ አሜሪካ ልሻገር። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ ዳላስና ሂውስተን ብዙ ልጆቻችን የሚማሩባቸው ናቸው። እዚያ ደግሞ በ1969 ስለ ተማሪዎች መብት የተሰጠ ታዋቂ የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ። የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው የመጡ ተማሪዎች ታግደው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪ የትምህርት ቤት በር ላይ መብቱን አውልቆ አይገባም አለ። ቆንጆ አባባል ነው። ግን ያው ውሳኔ ውስጥ፣ ይኼ ስለ ቀሚስ ርዝመትና ስለ ፀጉር አሠራር አይደለም የሚል መስመር አለ። እንግዲህ በሩ ተከፈተ፣ ፀጉር ግን ውጭ ቀረ። ከዚያ በኋላ የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ ሌላው ለተማሪው እየፈረዱ ኖሩ።

በ2019 ካሊፎርኒያ የመጀመሪያ ሆና ሕግ አወጣች። ክራውን አክት ይባላል፤ ክራውን ዘውድ ማለት ነው። ሹሩባ፣ ድሬድ፣ ጎፈሬና የመሳሰለው ከዘር ጋር የተያያዘ ፀጉር የአድልዎ ምክንያት እንዳይሆን ይከላከላል። በዚያው ዓመት የእኛ ሰው የሚበዛበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የራሱን አወጣ። በ2020 ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በክልል ደረጃ ተከተሉ። ቴክሳስም መስከረም 1 ቀን 2023 በሥራ ላይ አዋለችው።

ጉዱ የመጣው እዚያ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሂውስተን ወጣ ብሎ ሞንት ቤልቪው በምትባል ከተማ ዳሪል ጆርጅ የተባለ ተማሪ ከክፍል ተባረረ። ድሬዱን አናቱ ላይ ጠቅልሎ ያስራል። ማንም ሲወርድ አላየውም። የትምህርት ቤቱ ደንብ ግን የወንድ ፀጉር ቢለቀቅ ከቅንድብ፣ ከጆሮ ጫፍና ከአንገትጌ መውረድ የለበትም ይላል። «ቢለቀቅ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በ2024 የካቲት ጉዳዩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው ሕጉን አነበቡ። ሕጉ ስለ አሠራር ያወራል። ስለ ርዝመት አያወራም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሕግ አልጣሰም ተባለ።

ድሬድ ሳይረዝም እንዴት ድሬድ ይሆናል? ሕጉን ካረቀቁት መካከል ነገሩ ርዝመትንም እንደሚጨምር የተናገሩ ነበሩ። ቢሆንም ያልተጻፈ ነገር ፍርድ ቤት ውስጥ የለም። ልጁ የትምህርት ዘመኑን አብዛኛውን ክፍል ከጓደኞቹ ተነጥሎ አሳለፈው። ቴክሳስ ያላችሁ ወላጆች፣ የልጃችሁን ትምህርት ቤት መመሪያ ስታነቡ «ስታይል» የሚለውንና «ርዝመት» የሚለውን ለየብቻ ፈልጉ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሃይማኖት በኩል የመጡት ክርክሮች ደግሞ እኛን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አላቸው። በ2019 ናይሮቢ ውስጥ አንዲት ድሬድ ያላት ተማሪ ከትምህርት ቤት ተባረረች። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ራስተፈሪያን እውነተኛ ሃይማኖት ነው፣ ልጅቷም ትመለስ ብሎ ወሰነ። በ2021 ደግሞ ጋና ውስጥ አቺሞታ የተባለው ታላቁ ትምህርት ቤት ሁለት የራስተፈሪያን ልጆች አልመዘግብም አለ። ንክሩማ ያለፉበት ግቢ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አክራ ያለው ፍርድ ቤት ለልጆቹ ፈረደ። እንግዲህ አስቡት፤ ኬንያና ጋና ያሉ ዳኞች የእኛን ንጉሥ የልዑልነት ስም የያዘ እምነት ፀጉሩን እንዲያሳድግ ይፈቅዳሉ። ራስ ተፈሪ የነገሡበት አገር ልጅ ደግሞ ድሬድ ይዞ ብዙ ትምህርት ቤት በር አያልፍም።

እሺ፣ የሚበዛው ልጅ ግን ሃይማኖቱ አይደለም፣ ፋሽን ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ለፋሽን ያሳደገና ለእምነቱ ያሳደገ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ግን ለፋሽን ያሳደገውም ልጅ ቢሆን ትምህርቱን የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ተመሳሳይነት ራሱ ግብ ሲሆን የት እንደሚያደርስ ለማየት ጃፓን ጥሩ ምሳሌ ናት። ኦሳካ ውስጥ አንዲት ተማሪ ፀጉሬ በተፈጥሮው ቡናማ ነው ብትልም ጥቁር ቀለም ተቀቢ እየተባለች ተሰቃየች። በ2017 ከሰሰች። በ2021 ፍርድ ቤቱ ጠረጴዛዋን ከክፍል ማውጣታቸውና ስሟን ከዝርዝር መሰረዛቸው ጥፋት ነው ብሎ 330 ሺህ የን ካሳ ወሰነላት። የቀለም ደንቡን ግን ሕጋዊ ነው አለ። አንዳንድ የቶኪዮ ትምህርት ቤቶች ፀጉሩ ጥቁርና ቀጥ ያለ ያልሆነን ልጅ የተፈጥሮ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከወላጅ ያስመጡ ነበር። የልደት ካርድ ሳይሆን የፀጉር ካርድ። ቶኪዮ እንዲህ ያሉትን ደንቦች ከ2022 ጀምራ መተው ይዛለች። ታይላንድም ወንዱን በአጭር፣ ሴቷን እስከ ጆሮ ታስቆርጥ የነበረችበትን የ1975 መመሪያ በ2025 ፍርድ ቤቷ ሰርዞታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የፀጉር ደንብ በአብዛኛው ያለው በየትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ነው። ምዝገባ ላይ ወላጅ ይፈርምበታል፤ ማን ያነበዋል? ሲነበብ ደግሞ «የተማሪን ሥነ ምግባር የማይመጥን የፀጉር አቆራረጥ» ይላል። ምን ማለት ነው? የትኛው አይመጥንም? ያንን የሚወስነው በዚያ ጠዋት በር ላይ የቆመው ሰው ነው። ጥበቃው ዛሬ ያሳለፈውን ነገ የዩኒት መሪው ይመልሰዋል። ግልጽ ያልሆነ ደንብ ለተማሪም ለአስተማሪም አይበጅም።

ከደንቡ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ቅጣቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ አካላቸውን ከሚነካ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ ይሁን ይላል። በእኔ አነባበብ የልጅን ራስ በግድ በመቀስ መንካት ያው አካልን መንካት ነው፤ ያውም በሰልፍ ፊት። ያ የዘጠነኛ ክፍል ጓደኛዬ በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀንም አልመጣም። ተላጭቶ የመጣው ሐሙስ ነው። አፍሮ መሰለን። በኋላ ስንሰማ መላጫ ብር ስላልነበረው ነው። ሒሳብ ለሁለት ቀን አመለጠው፤ ለፀጉር ተብሎ።

ቀደም ብዬ ያመጣኋት መለኪያ፣ የሚወልቅና የማይወልቅ የምትለው፣ አንድ ቦታ ላይ ትቸገራለች። ሂጃብ ጨርቅ ነው፣ በእጅ ይወልቃል። ለለበሰችው ልጅ ግን የሚወልቅ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሙስሊም ተማሪዎች በሂጃብ ምክንያት ከትምህርት ቤት ሲከለከሉ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ለጊዜው እንዲቆም ታዝዟል። እንግዲህ «ይወልቃል» ሲባል በእጅ ብቻ ሳይሆን በህሊናም ነው መታየት ያለበት።

የአፄ ቴዎድሮስን ፀጉር ነገር ሳልጨርሰው ቀርቻለሁ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞቹ ከፀጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ለንደን ባለ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ቆየ። ለማስመለስ ስንት ደብዳቤ ተጻጻፍን። መጋቢት 2011 ዓ.ም. የባህል ሚኒስትሯ ሄደው ተረከቡት። በቴሌቪዥን ሳየው ያ ጓደኛዬ ትዝ አለኝና ደወልኩለት። «የሰውዬው ፀጉር ተመለሰ» አልኩት። «የኔስ?» አለኝ።

እኔ የትምህርት ቤት ደንብ ጻፍ ብባል አጭር ነው የማደርገው። ፀጉር ንጹሕ ይሁን፣ ላቦራቶሪና ወርክሾፕ ውስጥ ይታሰር። የሚቀጠል ፀጉርና ጌጥ ቤት ይዋል። ሹሩባ፣ ጎፈሬ፣ ድሬድ፣ ለወንድም ለሴትም ይፈቀዳል። ቅማል የታየበት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል እንጂ ወደ ቤት አይባረርም። ደንብ የጣሰ ካለ ወላጅ ይጠራል፤ ልጁ ግን ክፍሉ ገብቶ ይማራል። ደንቡን ወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን በየዓመቱ ተሰብስበው ያዩታል፤ ከተማሪዎቹ መካከል ፀጉራቸው ጎፍሮ የሚቆም ይኖሩበታል። መቀስ የሚለው ቃል ደግሞ የሚገኘው በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው።